ርእሰ መምህር የነበሩት የላይፕዚግ ከንቲባ፦ ማስተማር ለከተማ አስተዳደር ስንቅ ይሆናል?

ጠመኔ በእጄ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። የሥነ ዜጋ መምህርት ነኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ ከተማ አስተዳደር ሳስተምር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና «መምህር፣ እርስዎ ከንቲባ መሆን ይችላሉ?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ማታ ደብተር ሳርም ግን ጥያቄው ተመልሶ መጣብኝ። ለመሆኑ ምን ያስቃል?

ምሳሌ ስፈልግ የጀርመኗን ላይፕዚግ ከንቲባ ቡርክሃርድ ዩንግን አገኘሁ። መምህርም ርእሰ መምህርም ነበሩ አሉ። ላይፕዚግ ደግሞ የአዲስ አበባ እህት ከተማ ናት። እዚያ የምትኖሩ ብትኖሩ ሁለት ነገር ንገሩኝ፤ ሰውዬው ከጥቁር ሰሌዳው ተነሥተው ወንበሩ ላይ የደረሱት በምን መንገድ ነው? ማስተማራቸውስ ጠቅሟቸዋል ወይስ በታሪካቸው ላይ የተለጠፈ ጌጥ ብቻ ነው? ቀኖቹንና ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ጻፉልኝ፤ እኔ እቀይራቸዋለሁ።

ሐዲድ ዳር (ላይፕዚግ)

እኅቴ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልመልስ። ከ2014 ጀምሮ የምኖረው እዚሁ ነው፤ የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው። አረጋውያኑ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ እያነበቡ ከንቲባውን ሲያሙ ስለምሰማ ታሪኩን ሳልፈልግ ተምሬዋለሁ።

ዩንግ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ፣ ዚገን በምትባል ከተማ በ1958 ተወለዱ። ሙንስተር ሄደው ጀርመንኛና የፕሮቴስታንት ሥነ መለኮት ተማሩ፤ ከዚያ በትውልድ አካባቢያቸው አስተማሩ። ሁለቱ ጀርመኖች በተዋሐዱ በዓመቱ፣ በ1991፣ ወደ ላይፕዚግ መጡ። የመጡትም አዲስ ይቋቋም በነበረው የወንጌላውያን ትምህርት ቤት ለመሥራት ነው፤ ኋላም መሩት። ነገሩን አስቢው፤ በኮሚኒስቷ ምሥራቅ ጀርመን ሥር ለአርባ ዓመት ሃይማኖት ከትምህርት ቤት ደጅ ውጭ እንዲቆም በተደረገበት ከተማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሊያቆም የመጣ የሠላሳ ሦስት ዓመት የምዕራብ ሰው። ወላጆቹ በሌላ ሥርዓት ያደጉ፣ አብዛኞቹም ቤተ ክርስቲያን ረግጠው የማያውቁ ናቸው። ከእነርሱ ፊት ቆሞ «ልጃችሁን ስጡኝ» ማለት ከየትኛውም የምርጫ ቅስቀሳ አይተናነስም ባይ ነኝ።

በ1999 የከተማው ምክር ቤት የወጣቶች፣ የትምህርትና የስፖርት ዘርፍ ምክትል ከንቲባ አድርጎ መረጣቸው። በዛክሰን ክፍለ ሀገር ምክትሎቹን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው፤ ዋናውን ከንቲባ ግን ሕዝቡ በቀጥታ ለሰባት ዓመት ይመርጣል። በ2005 ከንቲባው ቮልፍጋንግ ቲፈንዜ የፌዴራል ትራንስፖርት ሚኒስትር ሆነው በርሊን ሲሄዱ ወንበሩ ተከፈተ። ዩንግ በሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ ስም ተወዳድረው በየካቲት 2006 አሸነፉ። በ2013ም፣ በ2020ም ደገሙ።

አሁን አንቺን እንደ መምህርት ይነካሻል ወደምለው ልምጣ። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ በምሥራቅ ጀርመን መውለድ ቆመ ማለት ይቻላል። በ1989 ወደ 200 ሺህ ገደማ ሕፃናት ይወለዱበት በነበረው ምድር በ1994 የተወለዱት ወደ 80 ሺህ ገደማ ነበሩ። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ሄደ። ላይፕዚግ ራሷ ከ530 ሺህ ነዋሪ ወደ 440 ሺህ ገደማ ወረደች፤ ባዶ የቀሩት መኖሪያ ቤቶች በአሥር ሺዎች ይቆጠሩ ነበር። በ1994 ያልተወለደው ልጅ በ2000 አንደኛ ክፍል አልገባም። ስለዚህ ትምህርት ቤት የከፈቱት ሰውዬ ሹመቱ ላይ እንደ ወጡ የጠበቃቸው ሥራ ትምህርት ቤት መዝጋት ሆነ። አንድ የመጦሪያ ቤታችን አዛውንት፣ የቀድሞ የሒሳብ መምህር፣ ያን ጊዜ በስብሰባ አዳራሽ ወላጆች ያሉትን አንድ በአንድ ይደግሙልኛል። እዚህ የምጽፈው ግን አይደለም።

ሄርደር ሰባ ዘጠኝ (አዲስ አበባ)

ልጆቼ፣ የላይፕዚግ ስም ሲነሣ ዝም ማለት አልችልም። እኔ የሄድሁት በ1979 ነው፤ ያኔ ብዙዎቻችን በሄርደር ኢንስቲትዩት ጀርመንኛ ተምረን ነበር ወደየትምህርታችን የምንበተነው። እኔ እንስሳት ሕክምና ገባሁ። ዩኒቨርሲቲው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር። ከተማው ከሁሉ በፊት ሽታ ነው፤ ቡናማ የድንጋይ ከሰል በየምድጃው ይነድዳል፤ ነጭ ሸሚዝ ጠዋት ለብሰህ ማታ አንገትጌው አመድ መስሎ ትመለሳለህ። ከንቲባው ማን እንደ ነበር ብትጠይቁኝ አላውቅም። ማንም አይጠይቅም ነበር፤ የሚወሰነው ሌላ ቦታ ነዋ።

ኋላ በጥቅምት 9 ቀን 1989 ሰባ ሺህ ሰው የኮሚኒስቱን መንግሥት ተቃውሞ በላይፕዚግ ቀለበት መንገድ ሻማ ይዞ ሲወጣ በሬዲዮ ሰማሁ። እኔ የማውቃቸው ዝምተኞች ናቸው እንዲህ የሆኑት ብዬ ለቀናት ሥራ አልያዘልኝም።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል፤ ሐዲድ ዳር ልጄ፣ አንተ ንገረኝ። ያን ሰልፍ የወጣው የአገሬው ሰው ነው። ከ1990 በኋላ ግን መጀመሪያ የተሾሙት ከሃኖቨር የመጡት ሂንሪክ ሌማን-ግሩበ ናቸው፤ ዩንግም ከምዕራብ። በመካከል ቲፈንዜ ብቻ የምሥራቅ ሰው። የእኛ ሰው «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላል። በሬ ሳክም የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ ይህን ተረት እወደዋለሁ። ሰዉ አልከፋውም?

ሐዲድ ዳር (ላይፕዚግ)

ጋሼ፣ ከፍቶታል። መጦሪያ ቤታችን ውስጥ ዛሬም «የምዕራቡ ሰውዬ» የሚሏቸው አሉ፤ ሠላሳ ዓመት አልፎ እንኳ። ነገር ግን ሌማን-ግሩበም ዩንግም የተመረጡ እንጂ የተላኩ አይደሉም። ዩንግ ደግሞ የመጡት ሹመት ፈልገው ሳይሆን ለማስተማር ስለሆነ ለስምንት ዓመት ያህል ሰው በልጆቹ መምህርነት አወቃቸው። ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል። ሰርዶው ሥር እስኪሰድድ ጊዜ አግኝቷል።

ቆጣሪ (ሽቱትጋርት)

ይቅርታ አድርጉልኝና ውዳሴ ማርያም እያስመሰላችሁት ነው። ሙያዬ የሒሳብ ምርመራ ስለሆነ ሁለት ፋይል ልክፈት።

አንደኛው የ2008 ሕዝበ ውሳኔ ነው። ከተማዋ በዕዳ ተይዛ ነበር። ዩንግና የምክር ቤቱ አብዛኛው ድምፅ የከተማውን የመብራትና የጋዝ ድርጅት 49.9 በመቶ ድርሻ ለፈረንሳዩ ጋዝ ደ ፍራንስ ለመሸጥ ወሰኑ፤ ዋጋው ከ500 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነበር። ነዋሪው ፊርማ አሰባሰበ፤ ጥር 27 ቀን 2008 ድምፅ ተሰጠ። ከመራጩ 41 በመቶው ወጣ፤ ከወጣው ውስጥ 87 በመቶ የሚሆነው ሽያጩን አልቀበልም አለ። ሽያጩ ቀረ። ከተመረጡ ገና ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ከንቲባ ይህ በተማሪ ፊት ሰሌዳ ላይ ስሕተት ጽፎ እንደ መታረም ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። የከተማው የውኃ ድርጅት ሥራ አመራር በ2006 እና በ2007 ከዩቢኤስ ባንክና ከሌሎች ጋር ማንም በቅጡ ያልተረዳው የገንዘብ ውል ተዋዋለ። በቀላሉ ልበለው፤ ውኃ የሚያከፋፍል ድርጅት በማያውቃቸው ሰዎች ብድር ላይ ዋስ ሆነ። የ2008 ቀውስ ሲመጣ ተበዳሪዎቹ ወደቁ፤ ዋሱ ተጠራ። ወደ 300 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ አደጋ ላይ ወደቀ። ውሉን ያመጡት ሰዎች በጉቦ ተከሰው ተፈርዶባቸዋል። ከንቲባው ጉቦ በላ አላልሁም፤ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የምጠይቀው ሌላ ነው፤ መምህር የሆነ ሰው በቁጥጥር ቦርድ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ወረቀት ፊቱ ቢቀርብ ማንበብ ይችላል? እኔ ሠላሳ ዓመት በዚህ ሙያ ቆይቼ ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው የገባኝ።

ሐዲድ ዳር (ላይፕዚግ)

ቆጣሪ ወንድሜ፣ ፋይሉን ከከፈትህ እስከ መጨረሻው ገጽ ክፈተው። ከተማዋ አልከፍልም ብላ ለንደን ድረስ ተከራክራ በ2014 ፈረደላት፤ ይግባኙም በ2017 ጸና። ያ ገንዘብ ቢከፈል ኖሮ የእኔ ልጅ መዋያ ጣሪያው እስከ ዛሬ ይንጠባጠብ ነበር።

ስለ ሕዝበ ውሳኔው ግን እውነትህን ነው። ተሸነፉ፤ መሸነፋቸውንም ተቀበሉ። አሁን ድርጅቱ በከተማዋ እጅ በመቅረቱ የሚቆጭ ሰው አላገኘሁም፤ ከመራጩም የሚማር መምህር አለ ማለት ነው።

እኔ ብሆን ግን የምከፍተው ሦስተኛ ፋይል አለ፤ መምህርትን የሚመለከተው እርሱ ነው። ከ2010 ወዲህ ከተማዋ ዞረች። ፋብሪካው መጣ፣ ተማሪው መጣ፣ እንደ እኔ ያለው ስደተኛም መጣ። ዛሬ ከ600 ሺህ በላይ ነን። ልጆች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ከነሐሴ 2013 ጀምሮ ደግሞ የፌዴራሉ ሕግ አንድ ዓመት የሞላው ሕፃን ሁሉ የመዋያ ቦታ የማግኘት መብት እንዳለው ደነገገ። ቦታ የለም! ሦስት የላይፕዚግ እናቶች ከተማዋን ከሰሱ፦ «ቦታ ስላልሰጣችሁን ሥራ መመለስ አልቻልንም፤ የቀረብንን ደመወዝ ክፈሉ» ብለው። ጉዳዩ እስከ ፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በጥቅምት 2016 ፍርድ ቤቱ በመርሕ ደረጃ እናቶቹ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ አለ። ይህ ውሳኔ ዛሬ በመላው ጀርመን የሚጠቀስ ነው። እኔም ያኔ ለልጄ አሥራ አንድ መዋያ ደጅ ጠንቻለሁ፤ አሥራ ሁለተኛው ነው የተቀበለኝ።

እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዕድሜ፣ መጀመሪያ ልጅ ጠፋ ብሎ ትምህርት ቤት ዘጋ፤ ከዚያ ልጅ በዛ ተብሎ ተከሰሰ። ሕፃኑ ከተወለደ ስድስት ዓመት ጊዜ አለህ አይደል? የትምህርት ሰው ይህን ቆጠራ ከማንም በፊት ማየት ነበረበት የሚሉ አሉ። እኔ ግማሹን እስማማለሁ። ከተማዋ ታድጋለች ብሎ በ2003 የገመተ ግን አላውቅም፤ አሁን «እኔ ብዬ ነበር» የሚለው ብዙ ነው።

ዝምተኛዋ (በርሊን)

እስካሁን አንብቤ ብቻ ነበር። አንድ የጀርመን ቀልድ ልተርጉምላችሁ ብሞክርም አይተረጎምም፤ ድምፁ ነው ቀልዱ። በጀርመንኛ «ሌረር» መምህር ማለት ነው፤ በዚያው ድምፅ ደግሞ «ይበልጥ ባዶ» ማለት ነው። ስለዚህ «ፓርላማው አንዳንዴ ይሞላል፣ አንዳንዴ ባዶ ይሆናል፣ ሁልጊዜ ግን መምህር ሞልቶበታል» ይላሉ። መምህራን በፖለቲካው የበዙት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቹ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኞች ስለሆኑ ፓርላማ ቢገቡ ወደ ሥራቸው የመመለስ መብት አላቸው። የግል ሱቅ ያለው ሰው ሱቁን ዘግቶ ሄዶ ቢሸነፍ ማን ይከፍትለታል? ስለ ጀግንነት ከማውራታችን በፊት የወንበሩን ዋስትና እንይ።

ደግሞም መምህርነት ጠባይ አይደለም። በ2011 የባደን-ቩርተምበርግ ክፍለ ሀገር ሚኒስትር ፕሬዚዳንት (ርእሰ መስተዳድር) የሆኑት ቪንፍሪድ ክሬችማን ሥነ ሕይወትና ኬሚስትሪ አስተማሪ ነበሩ። የቱሪንገኑ ቀኝ አክራሪ ቢዮርን ሆከስ? የታሪክና የስፖርት መምህር። የታሪክ መምህሩ በ2024 የናዚ ፓርቲ የጎዳና ታጣቂዎች (ኤስኤ) መፈክር በአደባባይ ተጠቅሟል ተብሎ በሃለ ፍርድ ቤት የገንዘብ ቅጣት ተፈርዶበታል። አላወቅሁም ነበር አለ። የታሪክ መምህር!

ጠመኔ በእጄ (ደብረ ብርሃን)

ዝምተኛዋ፣ ዝም ባትይ ይሻላል፤ የመጨረሻውን ለክፍሌ እነግራቸዋለሁ። የሥራ ዋስትናውን ነገር አላሰብሁትም ነበር። እኛ ጋ መምህር ለሹመት ሲታጭ ከክፍሉ የሚወጣው ላይመለስ ነው።

ሐዲድ ዳር ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ፦ እንግዲህ ፓርቲያቸው ከተማውን ይዞታል ማለት ነው?

ሐዲድ ዳር (ላይፕዚግ)

በጭራሽ፤ የሚገርመውም ይህ ነው። በ2019 የምክር ቤት ምርጫ ሶሻል ዴሞክራቶቹ ያገኙት 12 በመቶ ገደማ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከግራ ፓርቲ፣ ከአረንጓዴዎቹ፣ ከክርስቲያን ዴሞክራቶቹና ከአማራጭ ለጀርመን ቀጥሎ አምስተኛ። ከንቲባው ሰባ አባላት ያሉትን ምክር ቤት በሊቀ መንበርነት ይመራሉ፤ አባላቱ ደመወዝተኛ አይደሉም፣ ቀን በየሥራቸው ውለው ነው የሚመጡት። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጉዳይ አዲስ ድምፅ መለመን ነው። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ አንድ ጊዜ ገብቼ ተቀምጬ አይቻለሁ። አንዱ አባል ከሰዓቱ ሲያልፍ ዩንግ አልጮሁም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ሰውዬውን ዝም ብለው አዩት። ሰውዬው ቁጭ አለ። እኔም የስድስተኛ ክፍል የአማርኛ መምህሬ ትዝ አሉኝና ሳላስበው ጀርባዬን ቀና አደረግሁ።

የ2020ውን ምርጫ ልጨምር። በመጀመሪያው ዙር ሁለተኛ ወጡ፤ የክርስቲያን ዴሞክራቱ ዜባስቲያን ጌምኮቭ በለጧቸው። የአረንጓዴዎቹና የግራው እጩዎች ራሳቸውን አገለሉ። በዛክሰን በሁለተኛው ዙር ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፣ ከግማሽ በላይ አይጠየቅም። መጋቢት 1 ቀን ማታ 49.1 ለ 47.6 ሆነ። እኔ ያኔ ዜግነት ስላልነበረኝ አልመረጥሁም፤ እዚህ በአካባቢ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ጀርመናዊና የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ብቻ ነው። የጎረቤቴ ባልቴት «የአንተን ጨምሬ ሰጠሁ» አሉኝ። ማንን እንደ መረጡ ግን አልነገሩኝም።

ቆጣሪ (ሽቱትጋርት)

መነጽሩ ጥሩ ነው። ግን በ2018 መነጽራቸውን ይዘው ሊሄዱ አልነበረም? የምሥራቅ ጀርመን ቁጠባ ባንኮች ማኅበርን ሊመሩ ተወዳድረው አልተሳካላቸውም፤ ከዚያ ተመልሰው «ከተማዬ» አሉ። መራጩ ያን ስላልረሳ ነው ልዩነቱ አንድ ተኩል በመቶ የሆነው። መምህር ከዓመቱ አጋማሽ ክፍል ጥሎ ለመሄድ ሞክሮ ቢመለስ ተማሪው እንደ ድሮው ያየዋል?

ሐዲድ ዳር (ላይፕዚግ)

አያየውም። እውነት ነው።

ሄርደር ሰባ ዘጠኝ (አዲስ አበባ)

ቆጣሪ ልጄ፣ አንተ ሒሳብ ታያለህ፣ እኔ ደግሞ ሰው አያለሁ፤ ሁለታችንም እንኑር። ያም ሆኖ በ2019 የጀርመን ከተሞች ማኅበር ሊቀ መንበር ያደረጓቸው የሌሎች ከተሞች ከንቲባዎች ናቸው፤ እነዚያ ደግሞ ሒሳብ ያውቃሉ። በ2025 እንደገና መርጠዋቸዋል።

መምህርት፣ ለተማሪዎችሽ ስለ እህትማማችነቱም ንገሪያቸው። ላይፕዚግና አዲስ አበባ የተፈራረሙት በ2004 ነው፤ ያኔ ከንቲባው ቲፈንዜ ነበሩ። የሚያገናኘን ወረቀቱ ብቻ ነው እንዳይመስላቸው፤ ከዚያ በፊት እኛ በሄርደር ወንበር ላይ ተፈራርመን ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅህ ሐዲድ ዳር፦ በአዲሱ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ያ በር የሌለው፣ ሳይቆም የሚዞር አሳንሰር አለ ወይ? ባዕድ ሰው መሆናችን የሚታወቀው እርሱ ላይ ስንዘል ነበር።

ሐዲድ ዳር (ላይፕዚግ)

አለ ጋሼ፣ ፓተርኖስተሩ ዛሬም ይዞራል። ሰው አንድ እግሩን አስቀድሞ ይገባል፤ የሚያመነታ ይቀራል። ልጄ አራት ጊዜ ዞራበት አምስተኛ ካላለች አልወርድም ብላ አሳፍራኛለች።

ጠመኔ በእጄ (ደብረ ብርሃን)

ዛሬ ለክፍሌ አነበብሁላቸው፤ ሁሉንም አይደለም፣ የውኃ ድርጅቱን ነገር እኔም ስላልገባኝ ዘለልሁት። ቆጣሪ ይቅር ይበለኝ። ያቺ ልጅ እንደገና እጇን አወጣች። ስለ ከንቲባነት የምትጠይቅ መስሎኝ ነበር። «ያኔ የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ምን ሆኑ?» አለች። መልስ አልነበረኝም፤ ሐዲድ ዳር፣ ሰኞ እነግርሻለሁ ብያታለሁ።

ሐዲድ ዳር (ላይፕዚግ)

ሁሉም አንድ ዓይነት ዕጣ አልደረሰውም። የፈረሰ አለ፣ ወደ መኖሪያ የተለወጠም አለ። ልጄ የምትማርበት ግን ከተዘጉት አንዱ ነበር፤ ታድሶ እንደገና ተከፈተ። በምድር ቤቱ ኮሪደር የድሮዎቹ የኮት መስቀያዎች አሉ፤ ለትናንሽ ልጆች ዝቅ ብለው የተተከሉ፣ ከእያንዳንዱ በላይ የእንስሳ ሥዕል ያለባቸው። የልጄ ጃርት ነው። ቀለሙን አላደሱትም፤ ከእርሷ በፊት የነበረው ልጅ በጥፍሩ የጫረው ምልክት አሁንም ይታያል።